ደህናውን ዐይን ያሳሰርኩበት ክረምት

ሰው ጡረታ ሲወጣ ወንበሩን ይናፍቃል ይላሉ። እኔ ወንበር አልነበረኝም፤ ቆሜ ነው የኖርኩት። የናፈቀኝ ፕላስተር ነው። እንግዲህ ሳቁብኝ። ጠዋት ስነሳ እጄ መቀስ ይፈልጋል፣ ጣቴ የፕላስተሩን ጫፍ ይፈልጋል፣ ምንም የለም። ልጄ "እማዬ፣ አሁንስ ዕረፊ እንጂ" ትለኛለች። ዕረፍት ለለመደው ነው።

የዐይን ነርስ ነበርኩ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በቆላ ነው፤ መጀመሪያ ሳንጃ፣ ቀጥሎ አብርሃ ጅራ፣ በመጨረሻም ከመተማ ዮሐንስ ወጣ ብላ ባለች አንዲት ጤና ጣቢያ። የጤና ጣቢያዋን ስም ልተወው፤ የምናገረው ጥፋት የኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። የበረሃ አበል ይከፈለን ነበር። ለላባችን መጥረጊያ ያህል ትሆን ነበር፣ አልከፋንም።

ሳንጃ በገባሁ በመጀመሪያው ቀን አንዲት እናት ወረፋ ጠብቃ ገባችና ፊቴ ቁጭ ብላ ከነጠላዋ ጫፍ ወረንጦ ፈታች። ምን ልታደርግ ነው ስል፣ ወደ ውስጥ የታጠፈውን የገዛ ሽፋሽፍቷን አንድ በአንድ ትነቅል ጀመር። ዐይኗ ደም ለብሷል። እኔ ገና ከትምህርት ቤት የወጣሁ፣ ክው ብዬ ቀረሁ። ለካ በየሳምንቱ እንዲህ እያደረገች ነው ስድስት ልጅ ያሳደገችው። ከኋላዬ የቆመው አለቃዬ ትከሻዬን ነካ አድርጎ፣ "አትደንግጪ አልልሽም። ደንግጪ፤ እጅሽ ግን አይደንግጥ" አለኝ።

አለቃዬ ጋሼ ተሰማ ይባላል። በድሬሰርነት፣ በቁስል አጣቢነት፣ ጀምሮ በሥራ ብዛት የዐይን ሰው የሆነ፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሰው ነበር። ካርድ ሲሞላ ያዛጋል፤ ሕፃን ሲመጣ ግን እጅጌውን ይሰበስባል። ሕፃን የትኛው ዐይኑ እንደማያይ አይነግርህም፤ አያውቀውማ። ጋሼ ተሰማ መዳፉን አሙቆ አንዱን ዐይን ይሸፍናል፣ ከዚያ ሌላውን። ደካማው ሲሸፈን ልጁ ዝም ይላል። ደህናው ሲሸፈን እጁን ይታገለዋል፣ ይነክሰዋል። "ነከሰኝ፤ ደህናው ይሄ ነው" ብሎ ይጽፋል።

ሁለተኛው መለኪያው ጥቁር ጨርቅ ነበር። ይዘረጋና መጀመሪያ የማሽላ ፍሬ፣ ቀጥሎ ሰሊጥ ይበትንበታል። ልጁን በአንድ ዐይኑ ልቀም ይለዋል። እሱ የሚያየው ፍሬውን ሳይሆን የልጁን ጣት ነው። ጣቱ ቀጥ ብሎ ፍሬው ላይ ካረፈ ያያል፤ ጨርቁን ከዳበሰ አያይም። ስንት መሣሪያ መጥቶ ስንቱ ተበላሸ፤ ጨርቁ ግን እስከ ጡረታዬ አብሮኝ ነበር።

የዐይን መሸፈን ነገር ለሰሚው ግራ ነው። አንድ ሕፃን አንዱ ዐይኑ ደካማ ከሆነ አንጎሉ እሱን ይተወውና በደህናው ብቻ ያያል። የተተወው ዐይን እየሰነፈ ይሄዳል፤ ልጁ ሰባት ስምንት ዓመት ካለፈው ደግሞ መመለሱ ይከብዳል። ስለዚህ በቀን ጥቂት ሰዓት የምንሸፍነው ደህናውን ነው፣ ሰነፉ ተገዶ እንዲሠራ። ይሄን ለገበሬ ማስረዳት ቀርቶ ለወረዳ ሹም ማስረዳትም ላብ ያስወጣል።

ጋሼ ተሰማ ልጁን ከማሰሩ በፊት እናቱን ያስራት ነበር። አንድ ዐይኗን ሸፍኖ ግማሽ ቀን ግቢው ውስጥ ምስር ያስለቅማታል፣ ውሃ ያስቀዳታል። ስትደናቀፍ "አየሽ? እንግዲህ ልጅሽን ስትቆጪ ይሄን አስቢ" ይላታል። በዚያ ሙቀት ፕላስተር በላብ ይለቅቃልና ከሥሩ ያረጀ የነጠላ ቁራጭ ያደርጋል። ጫፉን በመቀስ ያከብበዋል፤ የልጅ ጥፍር የሚገባው በሹሉ በኩል ነው ይላል። በመጨረሻ "ምን አልኩሽ?" ብሎ ይጠይቃል። እናትየዋ የሰማችውን ትደግማለች። ከተሳሳተች እንደገና። የሚመልሳቸው መኪና እያጓራ፣ ባልየው እየተቆጣ፣ ሦስት ጊዜ ካላስደገመ አይለቅም። እኔ በሆዴ ይሄ ሽማግሌ ሰው ያንገላታል እል ነበር።

አብርሃ ጅራ ላይ ለብቻዬ ሆንኩ። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ሳሉግ የምንላቸው የቀን ሠራተኞች ከደጋ ይወርዳሉ፤ የጎጃሙም የወሎውም ዐይኑን በገለባ አስወግቶ ይመጣል። የዚያ አዲሱ አለቃዬ ቁጥር ወዳድ ነበር፤ ሰው ሳይሆን ሪፖርት ያክም ነበር ብል አልዋሸሁም። እኔም ፈጣን ሆንኩ። ፈጣን መሆኔ ደስ አለኝ። ያስመሰገነኝ ፍጥነት ነው በኋላ ያዋረደኝ።

መተማ በኩል ከተዛወርኩ ጥቂት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ጋሼ ተሰማ ጡረታ ወጥቶ ጎንደር ገብቷል። አንድ ቀን አቶ ፈንታሁን የሚባል ገበሬ ሚስቱን ውባለችንና የአራት ዓመት ልጁን ደጊቱን ይዞ መጣ። ወላጆቹ ከበለሳ የወረዱ ናቸው፤ እርሻው ከጓንግ ወንዝ ማዶ፣ ሰሊጥና ማሽላ ነው። የደጊቱ ግራ ዐይን ወደ አፍንጫዋ ዞሯል። ሰፈሩ "ሸውራራዋ" ይላታል። ጎንደር ያለው ሐኪም መነጽር ሰጥቷት፣ ቀኝ ዐይኗ፣ ማለት ደህናው፣ በቀን አራት ሰዓት ይሸፈን ብሎ ጽፎ ለክትትል ወደኔ ልኳታል። በጨርቁ ሞከርኳት። በቀኙ ሰሊጥ እንደ ዶሮ ትለቅማለች፤ በግራው ማሽላውንም ዳበሰችው።

የመጀመሪያውን ቀን ሁሉንም በወጉ አደረግኩ። ውባለችን አስሬ ምስር አስለቀምኳት። አራት ሰዓት ማለት ጥላ ከየት እስከ የት እንደሆነ ግቢው ውስጥ መሬት ላይ አሳየኋት። አስደገምኳት። በአሥራ አምስት ቀን ተመለሱ፤ የልጅቱ ዐይን ግን ምንም አልተለወጠም።

ለካ ፕላስተሩ አንድ ሰዓት እንኳ ውሎ አያውቅም። ልጅቱ ትነቅለዋለች። እሷ ባትነቅል ጎረቤት ይነቅላል። የሰሊጥ እርሻው ካምፕ ሠራተኛ ሁሉ እየጠራት፣ ደህናውን ዐይን የሚሸፍን ምን ዓይነት ሐኪም ነው፣ የታመመው ይሸፈናል እንጂ እያለ ያወልቅላታል። አቶ ፈንታሁን "ሰው ሁሉ ዳኛ ሆነብን፣ ሲስተር" አለኝ። እኔም ተናደድኩ። ጊዜው እየሄደ ነው፣ ልጅቱ እያደገች ነው።

በዚያው ቀን የነሱው የንስሐ አባት፣ የሰፈራቸው ቄስ፣ ለራሳቸው ዐይን ጠብታ ሊወስዱ ወረፋ ላይ ተቀምጠው ነበር። ሳያቸው ሐሳብ መጣልኝ። እንዴት ያለ ብልህ ነኝ አልኩ ለራሴ። ጠራኋቸውና ነገሩን አስረድቼ፣ ሰውን ሁሉ በግዝት ይያዙልኝ አልኳቸው። ምን ብዬ ልያዝ አሉኝ።

"እኔ ሳላያት ማንም ሰው እንዳያነሳው ብለው" አልኩ።

ቄሱ መስቀላቸውን አወጡ። ባልና ሚስቱ ጎንበስ አሉ፣ ልጅቱንም አጎነበሷት። ቄሱ በሥላሴ ስም፣ ሲስተር ሳታያት ይህን መሸፈኛ ያነሳ፣ ሲነሳ አይቶ ዝም ያለ፣ የተገዘተ ይሁን አሉ። እዚያው ቆሜ በጆሮዬ ሰማሁ። አራት ሰዓት የሚል ቃል የለበትም። አልታወቀኝም። ደጅ ላይ የክትባት ዘመቻ መኪና እየጠበቀኝ ጥሩምባ ይነፋል። በወር ኑ አልኩና ሮጬ ወጣሁ። ምን አልኳችሁ ብዬ አልጠየቅኩም። የዚያን ቀን አለመጠየቄ እስካሁን እንደ እሾህ ይወጋኛል።

ሰኔ ነበር። ሐምሌ ላይ ጓንግ ሞላ፤ ማዶና ማዶ ተቆራረጠ። ትራክተር እንኳ ጭቃው ውስጥ ተቀርቅሮ ከረመ። እዚያ ስልክ አይሠራም። የቀጠሮው ቀን ሲያልፍ ካርዷ ላይ "ቀርታለች" ብዬ ጻፍኩ። ደግሞ አማኋቸው፤ ይሄው ግዝትም አልያዛቸው፣ አውልቀው ጥለውታል አልኩ። ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም አለፈ። እኔ ጭራሽ ረስቻቸዋለሁ።

ጥቅምት ላይ መጡ። አቶ ፈንታሁን ልጁን አቅፏታል፣ ፊቱ በርቷል። ደጊቱ ቀኝ ዐይኗ ላይ ከመነጽሩ ሥር ጥቁር ጨርቅ በማሰሪያ ታስሮላታል፤ ፕላስተሩ ቢያልቅ እናቷ ሰፍታላት ነው፣ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ ጫፉ የተከበበ። እንዴት ከረማችሁ እንኳ ሳልል ሰውዬው በኩራት ተናገረ።

"እንዳሉን አድርገናል፣ ሲስተር። ቀንም ሌሊትም፣ አንድም ቀን አላነሳነውም።"

በጣቴ ብቆጥር አራት ወር ነው። ውባለች ከኋላው አንገቷን ደፍታ ቆማለች። ጨርቁን ፈታሁት። ከሥሩ ያለው ቆዳ ነጥቷል፣ ዐይኑ ግን ንጹሕ ነው፣ ቁስል የለውም። እፎይ ልል ስል ግራውን ሸፈንኩት። ደጊቱ ደርቃ ቆመች። ሁለት እጇን ዘረጋች።

"እማ፣ ማነው ያጨሰው?" አለች።

ቤቱ ውስጥ ጭስ አልነበረም። ያ ሰሊጥ የሚለቅም ዐይን አሁን የሚያየው ጉም ብቻ ነው። ማሽላ በተንኩላት፤ ዳበሰችው። ቀኙን ሸፍኜ በግራው ስሞክራት ደግሞ ሌላ ድንጋጤ፤ ያ ሰነፍ ዐይን ሰሊጡን አንድ በአንድ አነሳው። ሕክምናው ሠርቷል። ከልክ በላይ ሠርቶ ደህናውን አስንፎታል። እንዲህ ሊሆን እንደሚችል ተምሬ ነበር፣ ፈተናም ላይ መልሼዋለሁ። በገዛ ዐይኔ ግን አይቼው አላውቅም።

አቶ ፈንታሁን ፊቴን አይቶ ነገር እንዳለ ገባው። አንዴ ልጁን፣ አንዴ እኔን ያያል።

"ታዲያ አሁን ደህናው የትኛው ነው?" አለኝ።

መዋሸት እችል ነበር። በክረምቱ ላላክክ፣ በወንዙ ላላክክ፣ እናንተ አብዝታችሁ ነው ልል እችል ነበር፤ እውነቱን ልናገር፣ አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ግን የሰውዬውን ፊት አየሁት። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ለአባ የነገርኳቸው የግዝት ቃል ጎዶሎ ነበር፣ ልጅህን የጎዳኋት እኔ ነኝ አልኩት። ይጮሃል፣ ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ልጁን መልሶ አቀፈና "እኔ ፊደል የለኝም፣ ሲስተር። ያለኝ መታዘዝ ነው። እሱንም ሰጠሁዎ" አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ አብሬያቸው ጎንደር ወጣሁ። ሐኪሙ ደጊቱን መርምሮ ሲጨርስ እኔን ለብቻዬ አስገብቶ በቁጣ አጠበኝ፤ ይገባኛል። ከዚያ ረጋ ብሎ፣ ልጅ ስለሆነች ሊመለስ ይችላል፣ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን አላውቅም አለ። ለጊዜው ምንም አይሸፈን፤ በሦስት ሳምንት ካልተሻላት አሁን ጠንክሮ የወጣውን ግራውን በቀን ለአንድ ሰዓት ትንሽ ትንሽ እናስራለን አለ። ሁሉንም አስደገመኝ። እንደ ተማሪ ደገምኩለት።

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ ማዶ እሻገር ነበር፤ አንዳንዴ በትራክተር ጋሪ፣ አንዳንዴ በእግሬ። ሥራው ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። እኔ ዐይን ላክም ሄጄ፣ ልጅቱ ዐይኗ በመገለጡ ታለቅሳለች። ብርሃኑ በዛባት። ሁለቱ ዐይኖቿ የሚያሳዩዋት ነገር አልገጠመላትም፣ ቁልቁለት ስትወርድ ትሳሳታለች፤ በመዳፏ ቀኙን ሸፍና ጨርቄን ስጡኝ ትላለች። አራት ወር ጨርቁ የሰውነቷ ክፍል ሆኗልና አልፈረድኩባትም። መጀመሪያ ከደጃቸው ዛፍ ጥላ ሥር ብቻ አስገለጥኳት። ከጣሳ ወደ ጣሳ ማሽላ ማንቆርቆር ጨዋታ አደረግነው፤ ስታፈስ አልቆጣም፣ እኔም ዐይኔን አስሬ አፈሳለሁ፣ ትስቃለች። አባቷን በቀኟ በኩል ሲመጣ ድምፅ ሳያሰማ እንዳይነካት አስለመድኩት። እሱ ያልኩትን ሁሉ ያደርጋል፤ እኔን ግን ቀና ብሎ አያየኝም። ወንበር ያቀርብልኛል፣ ውሃ ይሰጠኛል፣ ይወጣል።

በሦስተኛው ሳምንት ያጨሰው ማነው ማለት ተወች። በሁለተኛው ወር የእናቷን ጥልፍ ቀለም ለየች። ሚያዝያ ላይ ጎንደር ስንመለስ ሐኪሙ የሰሌዳውን ፊደል አቅጣጫ በእጇ እያስጠቆመ ሞከራት። ቀኝ ዐይኗ ከሞላ ጎደል ተመልሷል፤ ሁለት መስመር ብቻ ቀረው። ውባለች ምድር ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እኔ ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ግድግዳውን ይዤ ቆምኩ።

ሐኪሙ ግን ግራ ገብቶት ነበር። ሌት ተቀን አራት ወር ለተዘጋ ዐይን ይሄ ፈጣን ነው፣ እርግጠኛ ነሽ ጭራሽ ተከፍቶ አያውቅም አለኝ። እርግጠኛ ነኝ አልኩ። ሰውዬውን ስለማውቀው።

በሚቀጥለው እሑድ ልጅቱን ላያት ሰፈራቸው ሄድኩ። ቅዳሴ ነበርና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አመራሁ። ውባለችን ከቅጥሩ ውጭ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት። ባሏና ልጇ ውስጥ ናቸው። ምነው አልገባሽም ብላት፣ ከሐምሌ ጀምሮ አልገባሁም አለች። አላመንኳትም። አሟት ነው ብዬ ልጠይቅ ስል ነጠላዋን ወደ አፏ ሳብ አደረገች።

"ግዝቱን አፍርሻለሁ፣ ሲስተር" አለች። "በሳምንት ሁለት ቀን፣ ሰውዬው ማሳ ሲወርድ፣ ከጎተራው ኋላ ወስጄ እገልጥላት ነበር። ምን ታያለሽ ስላት አንቺን ትለኛለች። ከዚያ መልሼ አስራታለሁ። እንዳትናገር ልጄን ውሸት አስተማርኳት።"

ለምን አደረግሽው አልኳት። ደጊቱ ዐይኗ በታሰረ በሳምንቱ አንድ ማታ "እማ፣ ፊትሽ ጠፋኝ" አለቻት። በሰነፉ ዐይን የእናቷን ፊት መለየት አልቻለችም ነበር። ውባለች ከደጊቱ በፊት አንድ ወንድ ልጅ ሞቶባታል፤ ባሏ ስለት ሳይገባ ቀርቶ ነው ብሎ እስካሁን ያምናል። ይሄ ሁሉ እያለ ነው ጎተራው ኋላ የሄደችው።

"የኔ ነፍስ ትቅር አልኩ" አለችኝ። "አሁን ዐይኗ ከተመለሰ እኔ ምን ጎደለኝ። ኃጢአቱ ግን ይከብዳል። እርስዎ የተማሩ ነዎት፤ ይቅር የሚባል ነው?"

እኔ የተማርኩት! የልጅቱን ዐይን ያተረፈው የሐኪሙ ምክር አይደለም፣ የኔም በየሳምንቱ ወንዝ መሻገር አይደለም። ትእዛዜን አልሰማም ያለች እናት ናት። ዘጠኝ ወር ሙሉ ደጅ የቆመችው ደግሞ በኔ ኃጢአት ነው። እጇን ያዝኩና ቅዳሴው እስኪያልቅ ጠበቅን። ቄሱ ሲወጡ ሁሉንም በፊቷ ነገርኳቸው፤ የሷንም፣ የኔንም።

ቄሱ በደካማ ዐይናቸው ጨፈን ገለጥ እያሉ ሰሙኝ። ጸሎታቸውን ደግመው ግንባሯን በመስቀል ነኩ። "ግዝቱ ለልጅቱ ዐይን ነበር" አሉ። "ዐይኗን የጠበቀች አፈረሰች አይባልም። ግቢ፣ ልጄ።"

ውባለች ጫማዋን አወለቀች። የበሩን መቃን ሳመች፤ ደጋግማ ሳመችው፤ ገባች። ውስጥ ደጊቱ "እማ መጣች!" ስትል ሰማሁ፤ ከሩቅ አይታታለች።

ቄሱ ወደኔ ዞር ብለው፣ አንቺስ አትገቢም አሉኝ።

"እኔ እዚህ ትንሽ ልቁም፣ አባ" አልኳቸው።